ቦዩ በረዶ ሲሠራ የማይቆም ገጽ

ባውክየ በፍሪስላንድ አንዲት መንደር፣ በብርድ ወራት በረዶ ሆኖ ሰው የሚንሸራተትበት ቦይ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን የሚያስታውቀውን የበረዶ መንሸራተቻ ማኅበሩን ድረ ገጽ ዐሥራ አንድ ዓመት የያዘች ሴት ናት። በኅዳር ወር አንድ ቀን ጠዋት ስኳር ዳቦዋን ይዛ ከዳቦ ቤት ስትወጣ፣ በከተማ የኮምፒዩተር ትምህርት ጨርሳ የተመለሰችውን የጎረቤቷን ልጅ ፌምከን ብስክሌት ማቆሚያው ጋ አገኘቻት።

«እትዬ ባውክየ፣ ስፈልግዎት ነበር።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ስለ ገጹ ነው፤ ዘንድሮ ብንቀይረው እላለሁ።»

«ተይው ልጄ፣ የሚሠራ ነገር ሲነካካ ነው የሚበላሸው።»

«አምና ሠራ እንዴ?»

ባውክየ የአምናውን አልረሳችም። አምና ቦዩ በረዶ የሠራ ዕለት የአካባቢው ሰው ሁሉ ገጹን በአንድ ጊዜ ሲከፍት ገጹ ቀጥ አለ። ድሮ በረዶው ሲሳሳ ድልድዩ ላይ ቀይ ባንዲራ ይሰቀል ነበር፤ ገጹ ከመጣ ወዲህ ግን ባንዲራውን የሚያስታውሰው የለም። ሰዉም «ዝግ ቢሆን ይነግሩን ነበር» ብሎ ወጣ። የባውክየ ልጅ ሚንትየ ከድልድዩ ሥር በረዶው ተሰብሮባት እስከ ደረቷ ገባች፤ በመሰላል ጎትተው አወጧት።

«የአሁኑ ገጽ» አለች ፌምከ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰው በጠየቀ ቁጥር ከመረጃ ቋት እየቀዳ እንደ አዲስ ይጽፋል። ሦስት ሺህ ሰው ሲጮኽበት ይዝላል። እኔ የምለው ፕሮግራም እርስዎ ጽፈው ሲጨርሱ ገጹን አንዴ አትሞ ያስቀምጣል። ከዚያ ለመጣው ሁሉ የታተመውን ማደል ብቻ ነው።»

«ጠዋት ክፍት ያልኩት ከሰዓት ቢቀልጥስ?»

«እንደገና ያትሙታል። ሁለት ሰከንድ ነው።»

ባውክየ ሳታስበው ዳቦዋን ብስክሌቱ ላይ አስቀመጠች። «እስቲ አሳዪኝ።»

ፌምከ በስልኳ አንዱን ፕሮግራም አሳየቻት። ያምራል፤ ሥዕሎቹ ይንሸራተታሉ።

«ይሄ ለመሥራት ምን ይፈልጋል?»

«ሌሎች ሰዎች የሠሯቸው ስምንት መቶ ያህል ትንንሽ ክፍሎች።»

«ከስምንት መቶው አንዱ ሥራውን ቢተውስ?»

«ያኔ እናስተካክላለን።»

«እናስተካክላለን ማለት አንቺ ነሽ። አግብተሽ ኦስሎ ብትሄጂስ?»

«ማንም አልጠየቀኝም እኮ።»

«ይጠይቁሻል። መልክ አለሽ።»

ፌምከ ሳቀች። የተማረ ሰው ዕቃው ምን እንደሚችል ይመረምራል፤ የሚሰጋ ሰው ደግሞ የተበላሸ ዕለት ምን እንደሚሆን ይጠይቃል። ዕቃ ለመምረጥ ሁለቱም ጥያቄዎች ያስፈልጋሉ። ወጣቷ ይህን በትምህርት ቤት አልሰማችውም ነበር።

«እንግዲያው ሌላ ፕሮግራም አለ» አለች። «አንድ ፋይል ብቻ ነው። እኛ ካልቀየርነው አይቀየርም።»

«ጽሑፎቼስ?»

«ተራ ጽሑፍ ሆነው እርስዎ ዘንድ ይቀመጣሉ። ፕሮግራሙ ቢጠፋ እንኳ የትኛውም ኮምፒዩተር ያነባቸዋል።»

«ሌባስ?»

«ገጹ ላይ የሚሰበር የመግቢያ በር የለም። ገጹን የሚሰቅሉበትን የይለፍ ቃል ብቻ ይጠብቁ።»

ባውክየ ስልኩን አቅርባ አየች። «መልኩ ግን ያስጠላል።»

«ያስጠላል።»

«ይሁን። ግን ሦስት ጊዜ እኔ ራሴ አትሜ እስክጨርስ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ታደርጊያለሽ። ባንዲራውም ይሰቀል። ከገጹ አናት ላይ ደግሞ ‹የዛሬ ቀን ተጽፎ ካላያችሁ ቦዩ ዝግ ነው› ብለን እንጻፍ። አምና ልጄን ሊበላብኝ የነበረው የገጹ ዝምታ ነው።»

ፌምከ ቀና ብላ አየቻት። «ይሄን እኔ አላሰብኩትም።»

በጥር ቦዩ በረዶ ሠራ። የበረዶውን ውፍረት የሚለካው የማኅበሩ ኃላፊ ጠዋት ደውሎ «ከድልድዩ ሥር አምስት ሴንቲ ብቻ» አለ። ባውክየ «ዝግ ነው» ብላ ጽፋ አተመች፤ ከዚያ ሊቆም ነው ብላ ገጹን ደጋግማ ከፈተችው። አራት ሺህ ሰው አብሯት ከፈተው፤ ገጹ ግን ንቅንቅ አላለም። የባውክየን ሥራ አቀለለ፤ ላነበበው ሁሉ እውነቱን በጊዜው አደረሰ፤ ፌምከም የዚያን ዕለት መንደሩ ውስጥ አልነበረችም፣ ማንም አልፈለጋት።

በሩ ተበርግዶ ሚንትየ ገባች፤ መንሸራተቻ ጫማዋን ወለሉ ላይ ጣለችው።

«ምን ዓይነት ገጽ ነው? ጫማዬን ሳላስር ዝግ ይለኛል? ሁሉም አንብበው ወደ ቤታቸው ሄዱ እኮ።»

ባውክየ የልጇን ማጉረምረም እስከ መጨረሻው ቁጭ ብላ ሰማችው፤ ደስ አላት።