በሰው ትከሻ ስለሄደው የወንድሜ ቤት

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ትርፍነሽ አበጀ
ዕድሜ፦ 67
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ ቀድሞ በአረጋውያን መጦሪያ ረዳት
አድራሻ፦ ጄኔቭ፣ ሻትሌን
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ጊዜ፦ ዙሪክ፣ ሰኞ ኖቬምበር 10 ቀን 2025፣ ከረፋዱ 4፡20 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ብሩነር
በአማርኛ ያሰፈረችው፦ አስተርጓሚ ጽዮን ኪሩ
ጉዳዩ፦ አቶ ኅሩይ አበጀ የገቡበት ጠፍቷል፣ ቤታቸውም ተዘርፏል በሚል ልጃቸው ወ/ት ሳራ ኅሩይ በወ/ሮ ሮስሚኒ ላይ ያቀረበችው አቤቱታ

እኔ ስሜ ከላይ የተገለጸው ምስክር ስለጉዳዩ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። አቶ ኅሩይ አበጀ የእናቴም የአባቴም ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ ሲሆን ዕድሜው 62 ነው። አቤቱታ አቅራቢዋ ሳራ የእሱ አንድ ልጅ ናት፤ እዚሁ ዙሪክ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ኦፕፊኮን በሚገኝ ሆቴል የምትሠራ ናት። ተጠርጣሪዋ ወ/ሮ ሮስሚኒ ኢንዶኔዥያዊት ስትሆን ከዙሪክ አጠገብ ሽሊረን ውስጥ በአንድ ላውንድሪ ከወንድሜ ጋር አሥራ አንድ ዓመት የሠራች ባልደረባው ናት። ሰው እንደሚያወራው ሌላ ነገር በመካከላቸው የለም፤ ባል አላት።

በቅድሚያ ወንድሜ እንዳልጠፋም እንዳልሞተም አስመዘግባለሁ። ዛሬ ጠዋት ከባቡር ውስጥ ሆኜ በስልክ አነጋግሬዋለሁ፤ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ፓሌንጎ በምትባል መንደር፣ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ምሳውን እየበላ ነበር። ቤቱም አልተዘረፈም። ነገር ግን ይህ አቤቱታ ቶሎ ካልተዘጋ ቤቱን የሚያቆምበት ሊያጣ ይችላል፤ ምክንያቱም ቤቱ የቆመበት መሬት የወ/ሮ ሮስሚኒ ታላቅ ወንድም የአቶ ባሃሩዲን ነው። አቶ ባሃሩዲን እህቱ በሌብነት ተጠርጥራ ፖሊስ ጣቢያ መጠራቷን ሰምቶ፣ ስሟ እስከ ፊታችን ዓርብ ካልጠራ ቤቱ ከመሬቱ ላይ እንዲነሣለት ለወንድሜ ነግሮታል። በእርግጥ ወንድሜ የኪራይ ውል አለው። በዚያ መንደር ግን ሰው ውል ስላለው ብቻ አይኖርም። በመጀመሪያው ባቡር ከጄኔቭ የመጣሁት ለዚህ ነው።

የነገሩ አጀማመር እንዲህ ነው። ወንድሜ ሽሊረን አራተኛ ፎቅ ላይ በሁለት ክፍል ቤት ሃያ ሦስት ዓመት ኖሯል፤ መስኮቱ ሲከፈት የሚታየው መጋዘን ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ ሲያጥብ የሚውል ሰው፣ የራሱን ለማጠብ የሕንፃው የጋራ ማጠቢያ ማሽን ተራ የሚደርሰው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። ይህን እሱ እየሳቀ ያወራዋል፤ እኔን ያናድደኛል። በጡረታ ገንዘብ እዚህ ቤት መግዛት የማይታሰብ ነው። አምና ወ/ሮ ሮስሚኒና ባለቤቷ ለእረፍት ወደ አገሯ ሲሄዱ ይዘውት ሄዱ፤ ሲመለስም የማረጅበትን ቦታ አገኘሁ ብሎ መጣ።

እኔ ሰው በነገረኝ ብቻ የማምን አይደለሁም። ኦክቶበር 9 ቀን 2025 አብሬው ተሳፈርኩ። ሲናገሩት ያሳፍራል እንጂ የሄድኩት ቤት ልመርቅለት ሳይሆን ማታለሉን ፈልጌ አግኝቼ ወንድሜን ልመልስ ነው።

ፓሌንጎ ከማካሳር ከተማ በመኪና አራት ሰዓት የምትርቅ፣ ሁለት መቶ ቤት የማይሞላባት መንደር ናት። ቤቶቹ ከመሬት ከፍ ብለው በምሰሶ ላይ የቆሙ የእንጨት ቤቶች ናቸው፤ ከሥራቸው ዶሮና ሞተር ብስክሌት ይውላል። ሰዉ ሩዝና ካካዎ ያመርታል። ጉድለቷንም አልደብቅም። ወጣቱ ወደ ማካሳርና ወደ ማሌዥያ ስለሄደ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ነርሷ የምትመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ሲሆን ሆስፒታል ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ዝናብ ሲጥል መብራት ይጠፋል። ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ለወንድሜ አነበብኩለት። እሱም ሽሊረን ያለው ሐኪሙ ቀጠሮ የሚሰጠው ከስድስት ሳምንት በኋላ መሆኑን አስታውሶኝ ጎረቤት ቤት ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

በሳምንቱ በመንደሩ ስሙን የማያውቅ ልጅ አልነበረም። ሽሊረን ሳለ የጎረቤቱን ስም ያወቀው ከበር ደወሉ ላይ አንብቦ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንደምንጾም የሰማችው የአቶ ባሃሩዲን ሚስት የእኛን በሌላ ድስት ትሠራልን ጀመር። እስላሞች ናቸው፤ ጾም ምን እንደሆነ ያውቃሉ፣ አንድ ቀን እንኳ ለምን ብለው አልጠየቁንም። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴም አናደደኝ።

ስለ ንብረቱ የማውቀው የሚከተለው ነው። እንደተነገረኝ በዚያ አገር የውጭ ሰው መሬት የራሱ ሊያደርግ አይችልም፤ መከራየት ግን ይችላል። በዚያ መንደር ቤትና መሬት ለየብቻ ናቸው። ቤት ብቻውን ይሸጣል፤ የገዛውም ሰው ቤቱን ይዞ ይሄዳል። ይህን ስሰማ ማታለሉን ያገኘሁት መስሎኝ ቀን ሙሉ ስቆጣ ዋልኩ። ወንድሜ ቤቱን የገዛው ወደ ከተማ ከሄደ የአስተማሪ ቤተሰብ ሲሆን መሬቱን የተከራየው ለሃያ አምስት ዓመት ከአቶ ባሃሩዲን ነው። የኪራይ ውሉ እኛ አገር ውልና ማስረጃ በምንለው ዓይነት ቢሮ ተፈርሟል፤ ከምስክሮቹ አንዷ እኔ ነኝ። ወ/ሮ ሮስሚኒ በውሉ ውስጥ ስሟ የለም፣ የድለላም የወሰደችው ነገር የለም።

ዓርብ ኦክቶበር 31 ቀን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ወንዶቹ ከመስጊድ እንደወጡ ቀጥታ ወደ ቤቱ መጡ። ሰባ አራት ነበሩ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። ምሰሶዎቹን በቀርከሃ አግድም አሰሩና እያንዳንዱ ትከሻውን ከሥር አስገባ። አንድ ሽማግሌ ሲጮኽ ቤቱ ከነጣሪያው ከነመስኮቱ ከመሬት ተነሣ። በደረቀው የሩዝ ማሳ አሻግረው ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በአቶ ባሃሩዲን መሬት ላይ አሳረፉት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ እንኳ አልወደቀም። ክፍያ የሚባል ነገር የለም፤ እኛ ደቦ የምንለው ነው፤ ሴቶቹ ያበሰሉትን በልተው ወደየቤታቸው ሄዱ። ወንድሜ ጫማውን በእጁ ይዞ ከኋላ እየሮጠ በአማርኛ «በርቱ! በርቱ!» ይል ነበር። እኔ አለቀስኩ። በሕይወቴ ለወንድሜ ይህን ያህል ሰው ትከሻውን ሲሰጥ አይቼ አላውቅም።

ቪዲዮውን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ለሳራ ቪዲዮውን ብቻ፣ ያለ አንድ ቃል ላክሁላት። በቪዲዮው ላይ ብዙ ሰዎች ቤት ተሸክመው ሲሄዱ፣ አባቷም በባዶ እግሩ እየጮኸ ሲከተላቸው ይታያል፤ በነፋሱ ምክንያት የሚለው አይሰማም። በዚያው ሰዓት የወንድሜ ስልክ ከኪሱ ወድቆ መስኖ ቦይ ውስጥ ስለገባ ብትደውልለትም አላገኘችውም።

እሑድ ኖቬምበር 2 ቀን ሳራ ለእኔ ደወለች። አባዬ የት ነው ስትለኝ «ደህና ነው፤ ስመጣ ቁጭ ብለን እነግርሻለሁ» አልኳት። አሁን አገናኚኝ ስትለኝ አይመችም አልኳት፤ ስልክ ሊገዛ ከተማ ወርዶ ነበር። ይባስ ብዬ ቅዳሜ ቤት ሁኚ፣ ጓደኛሽን ፍሬንም ጥሪያት፣ ብቻሽን እንዳትሆኚ አልኳት። እኔ ይህን ያልኩት በአዲሱ ቤት ለእሷ የተሰናዳላትን ክፍል ፎቶ ድንገት አሳይቼ ላስደስታት፣ ፍሬም ደስታዋን እንድትካፈል ብዬ ነው። መርማሪው ይህ ለምን እንደሚያስደነግጥ ስለጠየቁኝ አስረዳለሁ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሲሞት ዘመዱ በስልክ ደህና ነው ይባላል፤ ከዚያ ሰው ተሰብስቦ በአካል ይነገረዋል። ሳራ አማርኛዋ በጀርመንኛ የተቀላቀለ ቢሆንም ይህን ግን አሳምራ ታውቃለች፤ የእናቷን ሞት የሰማችው በዚህ መንገድ ነው። መልሳ አልደወለችም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ መጠየቅ ያስፈራል። በማግሥቱ እዚህ መጥታ አቤቱታዋን አቀረበች። ረቡዕ ወ/ሮ ሮስሚኒ በባልደረቦቿ ፊት ከሥራ ቦታዋ ተጠርታ መጣች።

ቅዳሜ ኖቬምበር 8 ቀን ከአውሮፕላን ወርጄ ሳራ ቤት ስደርስ ጥቁር ለብሳለች፤ ከፍሬ ሌላ አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጧል። እኔ የቆርቆሮ ብስኩትና የሐር ሻሽ ይዤ በሳቅ ገባሁ። ወንድሜ አዲስ በገዛው ስልክ ደውዬለት ድምፁን ሳሰማት መሬት ላይ ተቀምጣ ረጅም ጊዜ አለቀሰች። እንዲያም ሆኖ አቤቱታውን አላነሣችም። አባቷ መኖሩን ብታምንም፣ ቤት ተሸክሞ መሄድ የሚባል ነገር ጤና አይደለም፣ ያቺ ሴት አሞኝታዋለች አለችኝ።

መርማሪው በመጨረሻ የሳራን አቤቱታ በአስተርጓሚዋ በኩል አንብበው የምጨምረው እንዳለ ጠየቁኝ። አዎ፣ የምጨምረው አለኝ። በሦስተኛው መስመር ላይ «ይቺ ሴት አባቴን በጣፋጭ አፏ አግባብታ ሜዳ ላይ ልታስቀረው ነው» የሚል ቃል አለ። ይህ የሳራ ቃል አይደለም፤ የእኔ ነው። ሴፕቴምበር ላይ፣ ሳልሄድ በፊት፣ ኦፕፊኮን ሳራ ቤት ሰሐን እያጠብኩ የተናገርኩት ነው። በወቅቱ ወ/ሮ ሮስሚኒን ከሁለት ጊዜ በላይ አላየኋትም፤ ወንድሜ እኔን ትቶ የእሷን ምክር መስማቱ አንገብግቦኝ ነበር። ሳራ በልጅነቷ በየልደቷ ኬክ ታመጣላት ስለነበረችው ስለዚህች ሴት ክፉ አስባ አታውቅም። ክፉውን ያሳሰብኳት እኔ ነኝ። ከመንደሩ ሐሳቤን ለውጬ ስመለስ፣ እዚህ የተውኩት ቃሌ ግን ቀድሞኝ ፖሊስ ጣቢያ ደርሶ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ወረቀት ላይ ምስክር በሚለው ምትክ ጥፋተኛ ተብዬ እንድጻፍ ጠይቄ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ቦታ የለም ተብያለሁ። ወ/ሮ ሮስሚኒና ሳራ ሁለቱም አሁን ውጭ ኮሪደር ላይ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ይቅርታ በፖሊስ ወረቀት አይጠየቅምና ፈርሜ እንደጨረስኩ ከሁለቱ ፊት ቆሜ፣ በሳራ ፊት ያልኩትን በሳራ ፊት እመልሳለሁ።

ይህ ቃል በአማርኛ ተነቦልኝ አድምጫለሁ፤ የተናገርኩት ነው፣ አልተጨመረበትም። መርማሪው በሦስተኛው መስመር ያለው ቃል የእኔ ነው እንድል ያስገደደኝ ሰው እንዳለ ጠይቀውኛል፤ ማንም አላስገደደኝም፤ እውነት በመሆኑ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ትርፍነሽ አበጀ
የአስተርጓሚ ፊርማ፦ ጽዮን ኪሩ
የመርማሪ ፊርማ፦ ብሩነር
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ 5፡55

ተጨማሪ፦ በዕለቱ ከቀኑ 6፡10 ሰዓት አቤቱታ አቅራቢዋ ሳራ ኅሩይ ወ/ሮ ሮስሚኒን በክንዷ ይዛ ወደ ቢሮ በመግባት አቤቱታ የሚነሣበትን ቅጽ ጠይቃ ተሰጥቷታል። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ በራሷ እጅ «አባቴ ቤት ገብቷል» ብላ ጽፋለች። ብሩነር