የተቀባዩ ቦታ

(ዳግማይ ትንሣኤ፣ አሥር ሰዓት ተኩል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ካለ አንድ የቆየ ሲኒማ ቤት መድረክ ጀርባ፦ «የእማዬ ጃንጥላ» ክፍል ሁለት የመጀመሪያ ትርኢቱን ጨርሶ ሕዝቡ ወጥቷል፤ ያኔ በክፍል አንድ የመጨረሻው ልጅ ሆኖ የተጫወተው የዛሬው ዳይሬክተር አብነት መቀመጥ አቅቶት ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል፤ ያኔ እናት ሆነው የተጫወቱት፣ ዛሬ ሰባ አራት ዓመት የሞላቸው ወይዘሮ እልፍነሽ ደግሞ የሰሙትን ማመን አቅቷቸው ወንበራቸው ላይ ደርቀዋል።)

እልፍነሽ፦ ምኑን ነው የምታወጣው? እስቲ ድገመው፣ ጆሮዬ አልሰማ ብሎኛል።

አብነት፦ ድምፅሽን። ከዘፈኑ ላይ ብቻ፣ እማዬ። ሌላው እንዳለ ይቆያል።

እልፍነሽ፦ ሌላው ምን አለኝና? ዝናብ ላይ በጀርባዬ አቁመህ ነው ያነሳኸኝ! ድምፄን ካወጣህ እዚያ ፊልም ላይ የሚቀረው ነጠላዬ ነው።

አብነት፦ በጀርባሽ ስለሆነ እኮ ነው የሚቻለው። አፍሽ አይታይም፤ ቢወጣ ማንም አያውቅም።

እልፍነሽ፦ እኔ አውቃለሁ።

አብነት፦ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለተኛው ትርኢት ይጀምራል። ሳልነግርሽ ማድረግ እችል ነበር።

እልፍነሽ፦ እግዜር ይስጥልኝ! አራጁ በጉን አስፈቅዶ አረደው በለኛ።

አብነት፦ አትቀልጂብኝ።

እልፍነሽ፦ ማን ቀለደ? መጀመሪያ ተቀመጥ፣ ወለሉን ፈጀኸው።

አብነት፦ መቀመጥ አልቻልኩም። ሰዉ አልዘፈነም እኮ! ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ በየዳግማይ ትንሣኤው ክፍል አንድ እዚህ ቤት ሲታይ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። አንቺ ስክሪኑ ላይ ስድስት ልጆችሽን ከአንድ ጃንጥላ ሥር ሰብስበሽ «ማን ቀረ ከውጭ?» ስትይ፣ ስምንት መቶ ሰው ጃንጥላውን ዘርግቶ «ማንም አልቀረ!» ይላል። ጣሪያው ይነቃነቃል። ዛሬ ያው ሰው ጃንጥላውን ይዞ መጣ፣ ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ፣ እንደታጠፈ ይዞት ወጣ።

እልፍነሽ፦ አድምጦኝ ነዋ! ጥሩ ድምፅ የሰማ ሰው ዝም ይላል። ቤተ ክርስቲያን ገብተህ አታውቅም?

አብነት፦ እኔስ የምልሽ ይሄንኑ አይደል? ቤተ ክርስቲያን መሰለ! ሰው ለመጨፈር መጥቶ ቅዳሴ ቆሞ ወጣ።

እልፍነሽ፦ ሲወጡ ምን አሉ? በር ላይ ቆመህ ነበር አይደል?

አብነት፦ ኮፍያዬን ደፍቼ።

እልፍነሽ፦ እሺ፣ ምን አሉ?

አብነት፦ «ጥሩ ነው» አሉ።

እልፍነሽ፦ ይኸው!

አብነት፦ እማዬ፣ የኛ ሰው «ጥሩ ነው» የሚለው ለበሽተኛ ነው። «እንዴት አደረ?» ሲሉት «ደህና ነው፣ ጥሩ ነው» ይላል። በሽተኛው ማታውኑ ይሞታል።

እልፍነሽ፦ አንተ ሟርተኛ ነህ። ሌላስ?

አብነት፦ አንድ ሽማግሌ «ልጆቹ አድገዋል» አሉ፤ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። አንዲት ሴትዮ «ቀረጻው ጥራት አለው» አለች። አንዱ ጎረምሳ «የድሮው ይበልጣል» ሊል ሲጀምር እናቱ በክርኗ ጎሰመችውና «ዝም በል፣ ሴትዮዋ አሁንም በሕይወት አሉ፣ ነውር ነው!» አለችው።

እልፍነሽ፦ አሁንም?

አብነት፦ እንደዚያ ነው ያለችው።

እልፍነሽ፦ «አሁንም» የምትለዋ ነገር አልተመቸችኝም።

አብነት፦ እሷስ ምን አላት?

እልፍነሽ፦ የእህቴ ልጅ ግን ደውላልኛለች። ፌስቡክ ላይ አንዷ ዘፈኗን በስልኳ ቀድታ «አለቀስኩ» ብላ ለጥፋለች አለችኝ። አንድ ሺህ ሰው ወዶታል።

አብነት፦ ከሥሩ የጻፉትን አነበበችልሽ?

እልፍነሽ፦ ምን ጻፉ?

አብነት፦ ይቅርብሽ።

እልፍነሽ፦ አብነት፣ ምን ጻፉ?

አብነት፦ «ነፍስ ይማር»።

እልፍነሽ፦ የማንን?

አብነት፦ ያንቺን። ሃያ ሰላሳ ሰው ነው የጻፈው። ዘፈኑ በዝግታ ይሄዳል፣ አንቺ በጀርባሽ ቆመሻል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ አዳራሹ ጸጥ ብሏል። የመታሰቢያ ፕሮግራም መሰላቸው።

እልፍነሽ፦ ቁሜ እየሄድኩ ተዝካሬን አወጣኸው ማለት ነው!

አብነት፦ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩሽ እኮ። ድምፅሽ አይደለም የከፋው፣ ያስቀመጥኩበት ቦታ ነው። እስቲ ንገሪኝ፣ በክፍል አንድ ያ መልስ የማን ነበር?

እልፍነሽ፦ የማንም። ተቀባዮቹን የጫነው አውቶብስ ሞጆ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። ካሜራው የተከራየነው ለዚያች ቀን ነው፣ ዝናቡም መጥቷል። የያኔው ዳይሬክተር ጋሽ ይትባረክ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አንቺ አውጪ፣ ተቀባዩን በኋላ እንቀዳዋለን» አለኝ። በኋላ የሚባል ነገር እዚህ አገር መቼ መጥቶ ያውቃል? መልሱ ሳይኖር በከበሮ ብቻ ወጣ።

አብነት፦ ሰዉ ክፍት ቦታ አገኘና ገባበት። ማንም አላዘዘውም። እኔ ደግሞ ክፍል ሁለትን ስሠራ ተራቀቅኩ፤ የልጅ ልጅሽ ታውጣ፣ አንቺ ተቀበይ አልኩ። የሕዝቡን ቦታ ወስጄ ላንቺ ሰጠሁሽ። አሁን አንቺ ላይ ደርቦ መዝፈን ድፍረት መሰለው። ትልቅ ሰው ሲናገር ማን ጣልቃ ይገባል?

እልፍነሽ፦ ታዲያ ጨዋ ሕዝብ ነው! ማመስገን ሲገባህ ትቆጣለህ።

አብነት፦ ጨዋነቱ ገደለኝ። እማዬ፣ አንድ እጅ አያጨበጭብም። ድር ቢያብር...

እልፍነሽ፦ ተው፣ ተው! አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የተጻፈ ተረት አታምጣብኝ።

አብነት፦ እና ምን ልበልሽ?

እልፍነሽ፦ ምንም አትበል፣ እኔ ልንገርህ። ያኔ ሰባት ዓመትህ ነበር። ከዚያ ተማርክ፣ ውጭ አገር ደርሰህ መጣህ፣ አገባህ፣ ወለድክ። እኔ ምን ሆንኩ? እናት ሆንኩ። የአገር እናት። አንድም የሙዚቃ ባንድ ዝፈኚ ብሎኝ አያውቅም። «እርስዎማ እናታችን ነዎት፣ ክለብ አይመጥንዎትም» ይሉኛል። ሰርግ ይጠሩኛል፤ ጃንጥላ ያስይዙኝና ሙሽሮቹን ከሥሩ አቁመው ፎቶ ያነሱኛል። ማይክራፎኑን ለሌላ ነው የሚሰጡት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኔ ሳልበላም ሳልሻርም ሠላሳ አራት ዓመት ዙፋን ላይ ጦሜን ተቀመጥኩ።

አብነት፦ አውቃለሁ።

እልፍነሽ፦ አታውቅም። አንተ መጥተህ «እማዬ፣ ዝፈኚልኝ» ስትለኝ ሦስት ቀን ዝንጅብል አኝኬያለሁ። ቀዝቃዛ ውኃ አልጠጣሁም፤ ጎረቤት እንኳ በእጄ ምልክት ነው ሰላም ያልኩት። ያቺን አንዲት ስንኝ አርባ ጊዜ አስቀዳኸኝ።

አብነት፦ አርባ አንድ።

እልፍነሽ፦ አርባ አንድ! ዛሬ ደግሞ ላውጣው ትለኛለህ።

አብነት፦ ፊልሙን የሠራሁት እኮ ላንቺ ብዬ ነው። ድምፅሽ እንደገና እንዲሰማ...

እልፍነሽ፦ አትጨርሰው። ለኔ ብለህ ሠርተህ ለነሱ ብለህ ታጠፋዋለህ። ደግሞስ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንዴት አድርገህ ልታወጣው ነው? እሑድ ነው፣ ስቱዲዮው ዝግ ነው።

አብነት፦ ለሱ አታስቢ።

እልፍነሽ፦ አብነት።

አብነት፦ ፍላሽ ላይ አለ።

እልፍነሽ፦ የት ያለ ፍላሽ?

አብነት፦ ኪሴ ውስጥ።

እልፍነሽ፦ ከመቼ ጀምሮ?

አብነት፦ ሦስት ሳምንት ሆነው። ድምፅ የሚሠራልኝ ሰው ነገሩ አላማረውም፤ ሁለት ቅጂ ሠራ፣ አንዱ ካንቺ ጋር፣ አንዱ ያላንቺ። እኔ እምቢ ብዬ ያንቺን አስገባሁ።

እልፍነሽ፦ እምቢ ካልክ ፍላሹ ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል? ይሄ ሱፍ አዲስ ነው፣ ዛሬ ነው የለበስከው። ከአሮጌው ሱሪ ወደ አዲሱ አዛውረኸዋል ማለት ነው። አየህ፣ ገና ከቤትህ ስትወጣ ሸኝተኸኛል!

አብነት፦ ፈርቼ ነው።

እልፍነሽ፦ ማንን?

አብነት፦ እነሱን! እስካሁን መንገድ ላይ «አንተ፣ ከጃንጥላው ውጭ የቀረኸው ጩጬ አይደለህም?» ብለው ሳንቡሳ የሚገዙልኝን ሰዎች። ያ ፊልም የነሱ ቤት ነው። ገብቼ ዕቃቸውን አዘበራረቅኩባቸው፤ ደግሞ አልተሳደቡም! «ጥሩ ነው» ብለውኝ ሄዱ። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

እልፍነሽ፦ ውሃ ጠጣ።

አብነት፦ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሊዘፍኑ ነበር። አንድ ሰው ጀምሮላቸው ነበር!

እልፍነሽ፦ ማን?

አብነት፦ አላየኋትም። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ፣ ጨለማ ነው። በግራ በኩል፣ ጎን በሩ አጠገብ። ልጅቷ ስክሪኑ ላይ «ማን ቀረ ከውጭ?» ስትል አንዲት ሴት «ማንም አል...» ብላ ጀመረች። ፀጉሬ ቆመ። በቃ፣ ተቀጣጠለ አልኩ። ሦስት አራት ጃንጥላም ፏ ፏ ብሎ ሲዘረጋ ሰምቻለሁ። ከዚያ አጠገቧ ያለ ሰው «እሽሽ» አላት መሰለኝ፣ ዝም አለች። ጃንጥላዎቹም ተመልሰው ታጠፉ። ያቺን ሴትዮ ባገኛት እግሯን እስማለሁ። ደከም ያለ ድምፅ ነው፣ ግን...

እልፍነሽ፦ ምን ያለ አልክ?

አብነት፦ ደከም ያለ። የትልቅ ሰው ድምፅ።

እልፍነሽ፦ አልደከመም።

አብነት፦ ምን?

እልፍነሽ፦ አልደከመም አልኩህ። ከተቀመጠበት ስለወጣ ነው። ቁጭ ብሎ የሚወጣ ድምፅ ሆድ ላይ ይታጠፋል።

አብነት፦ አንቺ በምን ሰማሽው? «ራሴን ማየት አልወድም፣ እዚሁ እቆያለሁ» ብለሽኝ አልነበር?

እልፍነሽ፦ አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ያሉት ይሄን ነው።

አብነት፦ እማዬ፣ ገብተሽ ነበር?

እልፍነሽ፦ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ በጎን በር። ነጠላዬን ተከናንቤ።

አብነት፦ ማንም አላወቀሽም?

እልፍነሽ፦ ማን ያውቀኛል? እነሱ የሚያውቁት የአርባ ዓመቷን ሴት ነው። አጠገቤ አንዲት ልጅ አለች፣ ሃያ አምስት ቢሆናት ነው፤ ቢጫ ጃንጥላ ይዛለች። ቦታ ለቀቀችልኝ፣ ፈንዲሻም አካፈለችኝ። ዘፈኑ መጣ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ልጅ ጠየቀች፣ የኔ ድምፅ ከላይ ሊመልስ ነው። አፌ ብቻውን ተከፈተ፣ እኔ አላዘዝኩትም። ዕድሜዬን ሙሉ ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ። ከሰው መሐል ተቀምጬ መልሼ አላውቅም። ስቱዲዮ ውስጥማ መለስኩ፣ አርባ አንድ ጊዜ፣ ለግድግዳ።

አብነት፦ ከዚያስ?

እልፍነሽ፦ ልጅቷ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ሳትቆጣ፣ በጨዋ ደንብ። «እማማ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ፤ እልፍነሽን እንስማት» አለችኝ።

አብነት፦ አምላኬ!

እልፍነሽ፦ ሳቅህን ዋጠው።

አብነት፦ አልሳቅኩም።

እልፍነሽ፦ ትከሻህ ይስቃል።

አብነት፦ እኔ ነኝ አትያትም?

እልፍነሽ፦ ምን ላድርግ፣ መታወቂያ ላውጣ? ደግሞ ታለቅሳለች። በኔ ድምፅ እያለቀሰች እኔኑ ዝም አሰኘችኝ! ልደሰት ልናደድ ግራ ገብቶኝ ፈንዲሻዬን ታቅፌ ቀረሁ።

አብነት፦ እንዲህ ሆነሽ ነው እስካሁን «አድምጦኝ ነው» እያልሽ የምትከራከሪኝ?

እልፍነሽ፦ ታዲያ ምን ልበልህ? ገና በሩን ከፍተህ ከመግባትህ «ላውጣሽ» አልከኝ። አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ዝም በይ ሲባል ደግ ነው?

አብነት፦ በቃ፣ ተይው። አልነካውም። ያንቺ ድምፅ እንዳለ ይቀጥላል፣ ካልዘፈኑ አይዝፈኑ። ፍላሹንም እሰብረዋለሁ።

እልፍነሽ፦ ደግሞ ሌላ እብደት። ስንት ሰዓት ነው?

አብነት፦ ለአሥራ አንድ ሃያ ጉዳይ። በሩን ሊከፍቱ ነው።

እልፍነሽ፦ ሰው አለ?

አብነት፦ ሰልፉ ፋርማሲው ድረስ ደርሷል። ቤተሰብ ነው የበዛው።

እልፍነሽ፦ ጃንጥላ ይዘዋል?

አብነት፦ ሁሉም። አንዱማ ስድስት ልጅ አስከትሎ አንድ ጃንጥላ ይዞ መጥቷል፣ ልክ እንደኛ።

እልፍነሽ፦ ፍላሹን ለማሽን ክፍሉ ሰውዬ ስጠው።

አብነት፦ አይሆንም! ተቆጥተሽ ነው። ነገ ትቆጪበታለሽ።

እልፍነሽ፦ ዛሬም ቆጭቶኛል። ያ ሁሉ ዝንጅብል ሜዳ ቀረ። ስጠው ብዬሃለሁ፣ ለኔም መሐል ረድፍ ላይ ወንበር ፈልግልኝ።

አብነት፦ እማዬ፣ ከፊልሙ ላይ ከወጣሽ እኮ በቃ፣ የለሽም። ማንም አይሰማሽም።

እልፍነሽ፦ አንተ እልፍነሽን ዝም አሰኝልኝ፤ እኔ ልዘፍን ነው።