ዘጠኝ ሺህ የድምፅ መጻሕፍት ወደ አዲስ ፕሮግራም ስለተዛወሩበት ቀን የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ በምስጢር መዝገብ የተያዘ፤ በመሥሪያ ቤታቸው «እትዬ መደርደሪያ» ይባላሉ
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የመጻሕፍት ምደባ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከድምፅ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡20

እኔ ከላይ የተገለጽሁት ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ መጥቼ ቃሌን እሰጣለሁ። የምሠራው ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት እየተነበቡ በሚቀረጹበት ቤተ መጻሕፍት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት መጽሐፍ ስመድብ ኖሬአለሁ፤ ቅጽል ስሜም ከዚያ የመጣ ነው። ከዘጠኝ ሺህ በላይ የተቀረጹ መጻሕፍት አሉን። አድማጮቻችን በየቤታቸው ሆነው ቶረንት በሚባለው መንገድ እርስ በርስ ይቀባበሏቸዋል፤ አንዱ ጋ የጎደለው ከሌላው ይሞላል። ይህን ሁሉ የሚጠብቀው ዛሬ ከቀኑ 8፡30 በቁጥጥር ሥር የዋለው ቴክኒሻናችን ነው። ዝምተኛው እንለዋለን።

መጻሕፍቱን የሚያቀባብለው የድሮው ፕሮግራም ብዛቱን አልችል ብሎ፣ ተከፍቶ ሥራ እስኪጀምር አርባ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ዝምተኛው ሁሉንም ወደ አዲስ ፕሮግራም ለማዛወር ሦስት ሳምንት ተዘጋጀ። እኔ ሰው በቀላሉ የማደንቅ አይደለሁም፤ እሱን ግን አደነቅሁ። የእያንዳንዱን መጽሐፍ መቀመጫ የያዘ ዝርዝር አትሞ ጠረዘ። መጀመሪያ አሥር፣ ቀጥሎ መቶ አዛውሮ ሞከረ። ምን ያለው ሰው ነው! «እትዬ፣ መጻሕፍቱ ካሉበት ንቅንቅ አይሉም፤ የሚቀየረው ዘበኛው ነው። አዲሱ ዘበኛ አንድ በአንድ አይቶ ‹አሉ› እስኪል ምንም አናስጀምርም» አለኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከአፉ የወጣው ረጅሙ ንግግር ይኸው ነው።

ዛሬ ከረፋዱ 5፡00 ሁሉንም ወደ አዲሱ አስገባ፤ ግን ሥራ ሳይጀምሩ እንዲቆሙ አድርጎ ነው። 6፡30 ለምሳ ሲወጣ «ምንም እንዳይነካ፣ አደራ» አለኝ። እሺ አልሁ። ከዚያ ፎልደሮቹን አየኋቸው። ልብ ወለዱ ከሕክምናው፣ የታሪኩ ከሕፃናቱ ተደበላልቋል! መርማሪው «ወደ ጉዳዩ ይግቡ» ብለውኛል፤ ጉዳዩ እኮ ይኸው ነው። እጄ አላርፍ አለ። ዘበኛው አዲስ ከሆነ ቤቱም ተስተካክሎ ይጠብቀው ብዬ አራት መቶ አሥራ አንዱን በየዘርፋቸው አዛወርሁ። አንዱን ደግሞ ድጋሚ የተቀመጠ መስሎኝ አጠፋሁት።

ዝምተኛው 7፡45 ተመልሶ ማጣራቱን ሲጀምር አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ቀይ ሆኑ፤ የሉም ማለት ነው። በዚሁ መሃል ሥራ አስኪያጃችን ገቡ። እናታቸው ከመሞታቸው በፊት ያነበቡልን የመጨረሻ መጽሐፍ ቀይ ከሆኑት አንዱ ነበር። «የእናቴን ድምፅ አጠፋህብኝ!» ብለው ጮኹ። ዝምተኛው «ጊዜ ይስጡኝ» ቢልም ሰሚ አላገኘም፤ ፖሊስ ተጠራ። ዝምተኛው ፎልደሮቹን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ገብቶታል። ስሜን ቢጠራ ይበቃው ነበር። ሲወስዱት «እትዬ፣ ማሽኑ እንዳይጠፋ» ብቻ አለ። እኔ አፌን ለጉሜ ቆምሁ። በዚህ አፍራለሁ፤ መርማሪው ይህችን ሳይቀንሱ እንዲጽፉልኝ እጠይቃለሁ።

ወዲያው የጠረዘውን ዝርዝር ገለጥሁ። ፎልደሮቹን ወደ ነበሩበት መለስሁና ሲያደርግ እንዳየሁት አጣራሁ። ቀዩ በየተራ አረንጓዴ ሆነ። ሰውየው እስር ቤት ሆኖ እኔን እጄን ይዞ ያሠራኝ ነበር፤ ዝርዝሩ ላይ አንዲት ስህተት አላገኘሁም። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። 9፡40 ላይ አንድ ብቻ ቀይ ቀረ፤ ያጠፋሁት፣ የእናታቸው። ያኔ «ፎልደሮቹን የነካሁት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያቺን አንድ መጽሐፍ ከአድማጮች እንድትሞላ አስጀመርኋት። ዜሮ ላይ ቆመች። ከዚያ አንድ፣ ሁለት እያለች መሙላት ጀመረች። የት እንዳለ የማላውቀው አንድ አድማጭ መጽሐፉን ይዞ፣ ማሽኑን ከፍቶ ኖሯል። መቶ ስትሞላ ሥራ አስኪያጁ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። የመጀመሪያውን ገጽ እንኳ ሳይጨርሱ አውልቀው «ተነሺ፣ እንሂድ» አሉኝ። አሁን ኮሪደሩ ላይ ናቸው።

የተናገርሁት ሁሉ ተነቦልኛል፤ የተጨመረብኝም የተቀነሰብኝም የለም። ውሸት ከተገኘበት በሕግ እጠየቅበታለሁ። ጥፋቱ የእኔ፣ ጥንቃቄው የእሱ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
የመርማሪው ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ አቤቱታ አቅራቢው ሥራ አስኪያጅ አቤቱታቸውን ስላነሱ ተጠርጣሪው 11፡05 ተለቋል። ቀበቶውን ሲረከብ ምስክሯን «እትዬ፣ ማሽኑ በርቷል?» ሲል ጠይቋል። ምስክሯ እያለቀሱ ስለነበር መልሱን የሰጡት አቤቱታ አቅራቢው ናቸው፦ «በርቷል። እናቴ ለሰው እያነበበች ነው።»