ማሸነፍና መጨረስ

አቶ ኃይለመስቀል እንደ ልማዳቸው ጎህ ሲቀድ ተነሡ። ፊታቸውን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፤ ክብር ዘበኛ ሳሉ ከለመዱት ስፖርት ጥቂቱን ሠሩ፤ ቂጣ በሻይ ቀመሱና ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። የጭላሎ ተራራ ገና ጉሙን አልገፈፈም። የጋሪ ፈረሶች አፍንጫቸው እየጨሰ በአሰላ ዋና መንገድ ቁልቁል ይወርዳሉ። አቶ ኃይለመስቀል የብቅል ገብስ ከሚረከቡበት መጋዘን ሲደርሱ፣ የሳጉሬዋ ነጋዴ ሀጂራ ከነአህያዋ ቀድማቸው በር ላይ ቆማለች።

“አካም ቡልተኒ፣ አያ ኃይለመስቀል!”

“እግዚአብሔር ይመስገን። እስቲ ፍቺው።”

ከጆንያው እፍኝ ዘገኑና በመዳፋቸው ላይ እያገላበጡ አዩት።

“ይኼ አይሆንም፣ ሀጂራ። አውድማ ላይ በሬዎቹን አብዝታችሁ አመላልሳችሁበታል። የተሰበረ ገብስ አይበቅልም፤ ካልበቀለ ደግሞ ብቅል አይወጣውም። ለበሶ ሽጪው።”

“ኧረ እኔ ባሌን እንኳ እንዲህ አገላብጬ ሳላየው ነው ያገባሁት!” አለች ሀጂራ፤ የጆንያውን አፍ መልሳ እየቋጠረች።

በዚህ መካከል ዲሪባ እየሮጠ መጣ። በመምህራን ማሠልጠኛ የሚማር፣ ከጭላሎ ሥር የገበሬ ልጅ ነው። ቡጢ ያስተማሩት አቶ ኃይለመስቀል ናቸው። እሑድ ለክፍለ ሀገሩ ዋንጫ ከዲሮ የሚባል የሳጉሬ ልጅ ይገጥመዋል። አሠልጣኙን ሲያይ ሩጫውን ገታና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

“ከዲሮን እንዴት ልትይዘው አሰብክ?” አሉት።

“በነጥብ አሸንፈዋለሁ፣ ጋሼ።”

“በነጥብ? በነጥብ ያሸነፈ ድሉ በእጁ አይደለም፤ ዳኛ ኪስ ውስጥ ነው። እኔ ሦስት ዙር ሙሉ የቀጠቀጥኩት ሰውዬ እጁ ሲነሣ ቆሜ አይቻለሁ። ከተንገዳገደ አትተወው፤ ጨርሰው!”

“የትኛውን ከዲሮ ነው የምትሉት?” ብላ ሀጂራ ጣልቃ ገባች። “የእህቴን ልጅ? አናጺውን? በሉ እንጂ! ጣሪያዬን ገና ግማሹን ነው የመታው። ጣሪያዬን ይጨርስልኝና ከዚያ እንደፈለጋችሁ!”

ዲሪባ ሳቀ። “እማማ ሀጂራ ፈረዱ፣ ጋሼ። የሚጨረሰው ጣሪያ ነው። ሥራ ይጨረሳል፤ ሰው ግን አይጨረስም።”

“በቃል አትጫወትብኝ። ዳኛ ቢበድልህስ?”

“ዳኛ ቢበድለኝ የሚበድለኝ ወረቀት ላይ ነው። እኔ የተንገዳገደ ሰው ስመታ ግን የምበድለው ሥጋው ላይ ነው። ደግሞ ‘ለመጨረስ የሚሮጥ አገጩን ይረሳል’ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።”

አቶ ኃይለመስቀል ትምህርታቸው ተመልሶ ሲመጣባቸው ደስም አላቸው፤ ተናደዱም።

“የቀበሌው ሊቀመንበርስ? ‘አብዮታዊ ቡጢ ደምሳሽ ነው፤ በነጥብ ማሸነፍ የአድኃሪ ፈሊጥ ነው’ ብሎ በስብሰባ ተናግሯል።”

“ይናገር። ሪንግ ውስጥ የምገባው እኔ ነኝ። ከዲሮ ከመዶሻና ከሚስማር በቀር ምን የሚደመሰስ ነገር አለው?”

“ዝግ በል!” አሉ አቶ ኃይለመስቀል ዙሪያቸውን እየቃኙ።

ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ነገሩን ግን አልለቀቀም። “ጋሼ፣ አሁን የእማማ ሀጂራን ገብስ ለምን መለሱት? ፍሬው ከገለባው ከተለየ በኋላም ስለተረገጠ አይደለም? ማሸነፍ መለየት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መስበር ነው።”

ሀጂራ አጨበጨበች። አቶ ኃይለመስቀል ግን ፊታቸው ጠቆረ። ሽማግሌ በገዛ ሥራው ሲረታ ከመሸነፉ ይልቅ የሚያመው፣ መሸነፉን ሌላ ሰው ማየቱ ነው።

“እንግዲያው ስማኝ። ካልጨረስከው ጥግህ ላይ አልቆምም። ብቻህን ግባ።”

“እሺ፣ ጋሼ። ብቻዬን እገባለሁ።” ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ሩጫውን ቀጠለ።

እሑድ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አቶ ኃይለመስቀል ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። በዲሪባ ጥግ ከባልዲና ከበርጩማ በቀር ማንም አልነበረም። ዲሪባ ባዶውን ጥግ አየት አድርጎ ወደ መሐል ገባ።

ሁለቱን ዙር በግራ እጁ እየነካ፣ እየራቀ፣ ነጥብ በነጥብ ለቀመ። በሦስተኛው ዙር ቀኙ የከዲሮን አገጭ አገኘው። ከዲሮ ተንገዳገደ። አዳራሹ ብድግ ብሎ “ጨርሰው!” አለ። ከሁሉም ድምፅ በላይ ግን የአቶ ኃይለመስቀል ተሰማ፤ ሳያስቡት ከአፋቸው ወጥቶ ነበር።

“ጨርሰው!”

ከዲሮ ራሱን አያውቅም። ስሙን የጠሩት መስሎት ወደ ድምፁ ዞረ። ሁለቱም እጆቹ ተንጠልጥለዋል። አቶ ኃይለመስቀልን ዓይን ለዓይን አያቸውና፣ ታላቅ እንደጠራው ልጅ ከንፈሩ “አቤት” አለ።

የዲሪባ ቀኝ እጅ ተነሥቶ ነበር፤ አልወረደም። ወደ ኋላ ተራመደና ዳኛውን ጠበቀ። ሕዝቡ ጮኸበት፣ አፏጨበት። እርሱ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ዳኛው በመካከላቸው ገብቶ ቆጠረ፤ ከዲሮም ነቅቶ እጆቹን ወደ ላይ አነሣ።

አቶ ኃይለመስቀል ከአግዳሚው ተነሡ። ያቺ “አቤት” ጆሯቸው ውስጥ ነበረች። ሰውን እየገፉ ባዶው ጥግ ደረሱ።

“ራቅ በል፣ ልጄ! በግራህ! ነጥብህን ጠብቅ!”

“ጓድ ኃይለመስቀል፣ ይኼ ምን ማለት ነው?” አለ ሊቀመንበሩ ከኋላቸው።

“አሠልጣኙ እኔ ነኝ!” አሉት ዞር ሳይሉ።

ዲሪባ በጥቂት ነጥብ አሸነፈ። ሊቀመንበሩ አላጨበጨበም። ሀጂራ ግን የእህቷን ልጅ በአንድ እጇ ይዛ መጣችና “ጣሪያዬ ተረፈ፣ አያ ኃይለመስቀል!” አለች። ከዲሮና ዲሪባ ተያይተው ሳቁ።

“ልጄ፣” አሉ አቶ ኃይለመስቀል የልጁን ጓንት እየፈቱ፣ “ዳኛን ዛሬም አላምነውም። አንተን ግን አመንኩ።”

ከዚያ ወዲህ ለሚያሠለጥኗቸው ወጣቶች ከመምታት አስቀድመው የሚያስተምሩት ማቆምን ነው። ጥቅሙንም ሁሉም አየው። ለመጨረስ የማይሮጥ አገጩን ይጠብቃል፤ ጉልበቱም እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ተጋጣሚው ቤቱ በጤና ይገባል፤ ሰኞ ሥራው ላይ ይውላል፤ በሌላ እሑድ ደግሞ ተመልሶ ያልታወቀ ስልት ያሳየዋል። የሳጉሬና የአሰላ ልጆችም ከግጥሚያ በኋላ አብረው ምሳ ይበላሉ። እናቶችም ልጆቻቸው ቡጢ እንዲማሩ መፍቀድ ጀመሩ።

በተከታዩ ዓመት ዲሪባ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሄደ። እዚያ በነጥብ ማሸነፍ የለም። የቡድኑ ልጆች አሁንም ማለዳ ማለዳ ይሮጣሉ። ዲሪባ ከሄደበት አልተመለሰም፤ ከመካከላቸው የለም።