ባኮ ያለችው ትራክተር

አጎቴ ኦቦ ቶለራ ያሏቸውን ሁለት በሬዎች ሸጠው አነስተኛ ትራክተር ሊገዙ ቆርጠው ነበር። አምቦ ያለው ሻጭ፣ «አትበላሽም እንጂ ብትበላሽም መለዋወጫዋ ሞልቷል» ብሎ ምሎላቸዋል። እሳቸው ግን የሻጭ መሐላ አያምኑም። ያንኑ ዓይነት ትራክተር የገዛ ገበሬ ባኮ መኖሩን ሰሙና ይዘውኝ ሄዱ። ሰውየው ገና «አካም ጂርቱ» ተባብለን ሳንጨርስ፣ «ግዙ! ዛሬውኑ ግዙ! እንደሷ ያለ ጉልበት አላየሁም» አለን። የአጎቴ ፊት በራ። እኔ ግን እስቲ ትራክተሯን እንያት አልኩ። ጓሮ ወሰደን። መቀመጫዋ ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች።

«ምን ሆና ነው?» አልኩት።

«የፍሪሲዮን ሸራዋ አልቆ ቆመች። አምቦም አዲስ አበባም ፈልጌ አጣሁ።»

«ታዲያ ለምን ግዙ ትለናለህ?»

ትንሽ እንኳ አላፈረም። «እናንተ ከገዛችሁ መለዋወጫ ተገኘ ማለት ነዋ! የእናንተ በሌላ ነገር ስትቆም ሸራዋን እኔ እወስዳለሁ። ኦቦ ቶለራ፣ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሰዎች ተቀናጅተው ያርሱ የለ? ይኼም መቀናጆ ነው።»

እንዲያ ከልቡ ያመሰገናት ሰው ለካ ገና ያልገዛናትን ትራክተር ሞት እየጠበቀ ነው! አጎቴ ዶሮዋን ተመለከቱና መለሱለት፦

«መቀናጆማ ሁለቱም በሬዎች በእግራቸው ሲቆሙ ነው፣ ወንድሜ። አንተ የጠራኸኝ ለቅርጫ ነው። እኔ ደግሞ የሚያርሱ በሬዎቼን ሸጬ ቅርጫ አልገባም።»