ከምርቃቱ ማግስት

(ሐይቅ ዳር ባለች መንደር፣ ስለ ረግረጉ አጠባበቅ በወጣው ረቂቅ ደንብ ላይ ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥ በተጠራበት ስብሰባ ማግስት ጠዋት፤ ታንኳ ሠሪው እንዳላማው ጓሮው ውስጥ በተከመረ ደንገል አጠገብ ተቀምጧል፣ ታናሽ እህቱ አንጓች ከፊቱ ቆማለች።)

አንጓች፦ ተነሥ ብያለሁ አያ። ደንቡን ያመጡት ሰዎች ጀልባቸው ሳትነሣ ወርደህ ትናንት ያልተናገርከውን ትናገራለህ።

እንዳላማው፦ አልነሣም። በምን ዓይኔ?

አንጓች፦ በትናንቱ ዓይንህ። ፊት ወንበር ላይ ተኮፍሰህ ሕዝቡን ስታይበት በዋልከው።

እንዳላማው፦ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ጎረቤት ይሰማል።

አንጓች፦ ጎረቤት ያልሰማው ምን ቀረና? አገር ምድሩ በድምፅ ማጉያ ሰምቶሃል። ስብሰባውን ንቀው የቀሩት ሳይቀሩ እቤታቸው ሆነው አሜን ብለዋል አሉ።

እንዳላማው፦ ወየው።

አንጓች፦ ቆይ ገና ነው። ደግሞ ያችን የሰጡህን ኮፍያ ምን ሆነህ ነው የተቀመጥክባት?

እንዳላማው፦ አልተቀመጥኩባትም።

አንጓች፦ ጫፏ ወጥቷል እኮ።

እንዳላማው፦ እንዳትታይ ብዬ ነው። ትናንት ስመለስ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ መጀመሪያ ኮፍያዋን ያነባል፣ ከዚያ ፊቱን ያዞራል።

አንጓች፦ ምን ተጽፎባታል?

እንዳላማው፦ «ረግረጋችን ሕይወታችን» ይላል።

አንጓች፦ እውነቱን ነው የጻፈው። ያንኑ ሕይወታችንን ነው አስረክበህ የመጣኸው።

እንዳላማው፦ አስረከበ አትበይኝ። እኔ ምን አልኩ?

አንጓች፦ ምንም አላልክም፣ እሱ አይደል ነገሩ? ታንኳ ሠሪውም ምንጣፍ ሠሪውም ተሰብስቦ አንተን ላከ። ሽማግሌ ነው፣ ይሰሙታል ብሎ። የምትላትም አንዲት ነገር ነበረች፤ ረግረጉን የሚያደርቀውን ከልክሉ፣ ደንገል አጫጁን ግን ተዉት። በቃ። ይቺን ታህል ነገር አቃተህ?

እንዳላማው፦ ጊዮርጊስን፣ ልናገር ነው የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ ለራሴ ስደግመው ነበር።

አንጓች፦ እና ምን ዋጠህ?

እንዳላማው፦ ልጅቱ ናታ።

አንጓች፦ የቷ?

እንዳላማው፦ ደንቡን ያመጣችው ባለሙያ፣ ረድኤት የሚሏት። ገና ስገባ ስታየኝ ከወንበሯ ብድግ አለች። ሌላ ወንበር አልነበረም፤ የራሷን ሰጥታኝ እሷ ቆመች። ማዕበል መቷቸው ነው የመጡት፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል፣ ትንቀጠቀጣለች። «አባባ ይቀመጡ» አለችኝ፣ ተቀመጥኩ። እንግዲህ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብዬ ደንብሽ አይበጅም እንዴት ብዬ ልበላት?

አንጓች፦ ተነሥተህ በላት።

እንዳላማው፦ ይኸው አሁን ነው የሚታይሽ። እዚያ ሆነሽ ቢሆን...

አንጓች፦ እዚያው ነበርኩ እኮ። ስትጠይቅህም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እንዳላማው፦ እሱ ነው ያንገበገበኝ። ባትጠይቀኝ ኖሮ በእሷ አመካኝ ነበር። መቼ አስተነፈሱን እያልኩ አገሩን እዞረው ነበር። እሷ ግን ደንቡን አንብባ ስትጨርስ ዓይን ዓይኔን እያየች «አባባ፣ ቅር ያለዎት ነገር ካለ ይንገሩን፣ የመጣነው ለዚሁ ነው» አለች። ማይኩንም አስጨበጡኝ።

አንጓች፦ አንተስ ምን አልክ? ከራስህ አፍ ልስማው።

እንዳላማው፦ ሰምተሽ የለ።

አንጓች፦ ድገመው።

እንዳላማው፦ «ኧረ ምንም» አልኩ።

አንጓች፦ ሌላስ?

እንዳላማው፦ «እናንተ የተማራችሁት ካላችሁ እኛ ምን እንላለን፣ ለእኛው ብላችሁ አይደል ውሃ የመታችሁ» አልኩ። ድምፄ በማጉያው ዞሮ ሲመጣ የሌላ ሰው መሰለኝ። ማነው ይኼ አጎብዳጅ ብዬ ዞር ብያለሁ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ቀበል አድርጎ «እንግዲያው አያ እንዳላማው ይመርቁንና እንዝጋ» አለ።

አንጓች፦ አንተም ብድግ።

እንዳላማው፦ ምን ላድርግ? መርቅ የተባለ ሽማግሌ አልመርቅም ይላል? አባታችንስ ብሎ ያውቃል?

አንጓች፦ ዝናብ ይስጠን፣ ጤና ይስጠን ብለህ አትቀመጥም? «ያሰባችሁትን ይሙላላችሁ» በል ማን አለህ?

እንዳላማው፦ አፌ ላይ የኖረ ነው። ለሙሽራም ለመንገደኛም የምለው። ሕዝቡ አሜን ካለ በኋላ ነው ያሰቡት ምን እንደሆነ ትዝ ያለኝ።

አንጓች፦ ያሰቡትማ እኛን ከደንገሉ ማስወጣት ነው። ሊቀመንበሩም አሜኑን ሰምቶ «ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ደግፎታል» ብሎ አስጨበጨበ። አንተ ከመረቅክ በኋላ ማን ሊናገር? ሽማግሌ መርቆ የዘጋውን ነገር የሚከፍት አለ እዚህ አገር?

እንዳላማው፦ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔም እኮ አጨበጨብኩ።

አንጓች፦ አንተም?

እንዳላማው፦ አንድ እጄ ማይክ ይዟል። በሌላው ጭኔን መታሁ።

አንጓች፦ አበስኩ ገበርኩ።

እንዳላማው፦ ሳቂ። ደርሶብሽ ባየሁ። ለመሆኑ «ሴቶችስ ምን ትላላችሁ?» ብላ ጠይቃ አልነበረም?

አንጓች፦ ጠይቃለች።

እንዳላማው፦ ከኋላ ሆነሽ ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ መሬት መሬት ስታዪ አይቼሻለሁ።

አንጓች፦ ታድያ ታላቄ ቅር ያለን ነገር የለም ብሎ ጨርሶ፣ እኔ ተነሥቼ አለ ልበል? ወንድሟን በአደባባይ አዋረደችው አይሉኝም?

እንዳላማው፦ ይሉሻል።

አንጓች፦ ያንን ፈርቼ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በአንተ ተናድጄ መስሎኝ ነበር፣ ለካ በራሴ አፍሬ ነው። ባሌ ሲሞት ልጆቼን በምን አሳደግኳቸው? በደንገል ምንጣፍ። የደንገሉ ነገር ሲነሣ ግን አፌን ሸፍኜ ተቀመጥኩ። አሜንም ብያለሁ።

እንዳላማው፦ ጮክ ብለሽ?

አንጓች፦ ከሁሉም ጮክ ብዬ። ወንድሜ እንዴት አሳምሮ ይመርቃል እያልኩ ደስ ብሎኝ ነበር።

እንዳላማው፦ በይ ተቀመጪ። ሁለታችንም ያው ነን።

አንጓች፦ አልቀመጥም፣ ጀልባዋ ትሄዳለች። ሞተሯ አስቸግሯቸው ነው እንጂ እስካሁን ሄደው ነበር። ደግሞ ይቺን ታንኳ መቼ ጀመርካት? አምና አዲስ አልሠራህም?

እንዳላማው፦ አልጀመርኳትም።

አንጓች፦ ይኼ ሁሉ ደንገል ታድያ የምንድን ነው?

እንዳላማው፦ የአምናዋ ናት።

አንጓች፦ የአምናዋማ ዳር ላይ ታስራ... አያ።

እንዳላማው፦ ጎህ ሲቀድ ስወርድ ተፈትታ፣ የደንገል ክምር ሆና አገኘኋት። ገመዶቿን አንድም ሳይበጥሱ ፈትተው፣ ጠቅልለው፣ ደንገሉ ላይ አስቀምጠውልኛል። ሰው ሳያየኝ ተሸክሜ አመላለስኩት።

አንጓች፦ ወፍ በሚፈለፍልበት ጊዜ ረግረግ የገባ ሰው ላይ ነው እኮ ታንኳ የሚፈታው።

እንዳላማው፦ የጋራውን ነገር የበደለ ሰው ላይ ነው። አባታችን እያለ የአንድ ሰው ሲፈታ አይቻለሁ። ሰውየው ያኔውኑ አገር ለቀቀ። የፈቱትም አብረውኝ የሚሠሩት ናቸው፣ አፈታታቸውን አውቀዋለሁ። አልፈረድኩባቸውም።

አንጓች፦ ይኸን ይዘህ ዝም ብለህ ስታስለፈልፈኝ ቆየህ?

እንዳላማው፦ ምን ብዬ ልንገርሽ? ለእህት ይነገራል ይኼ?

አንጓች፦ እንግዲያው ዛሬ ካልተናገርክ ነገ እነሱ ጋ ምን ይዘህ ትወርዳለህ? አፈር ስሆንልህ ተነሥ።

እንዳላማው፦ ሕዝብ ፊት ሆኖ ነው እንጂ፣ ብቻዋን ባገኛት ፍርጥ አድርጌ እነግራት ነበር።

አንጓች፦ እሺ፣ እኔ ረድኤት ነኝ። ብቻዬን መጣሁ። በል ንገረኝ።

እንዳላማው፦ እንደ ልጅ ተጫወት ትይኛለሽ በዚህ ዕድሜዬ?

አንጓች፦ ንገረኝ ብያለሁ አባባ።

እንዳላማው፦ እንዴት አደርሽ ልጄ?

አንጓች፦ እግዚአብሔር ይመስገን።

እንዳላማው፦ እናት አባትሽ ደኅና ናቸው?

አንጓች፦ ደኅና ናቸው።

እንዳላማው፦ ብርዱስ እንዴት ነው? የትናንቱ ውሃ አልጎዳሽም?

አንጓች፦ በዚህ አካሄድህ ጀልባዋ ደርሳ ትመለሳለች።

እንዳላማው፦ ሰላምታማ ግድ ነው። እሺ፣ ልጄ፣ እንግዲህ እንዳትቀየሚኝ...

አንጓች፦ እሱን ዝለለው።

እንዳላማው፦ ልጄ፣ ትናንት ቅር ያለኝ ነገር የለም ያልኩሽ ውሸቴን ነው። አፍሬሽ ነው። ረግረጉ ይጠበቅ ማለታችሁ ደግ ነው፣ ዓይናችን እያየ እየደረቀ ነው። የሚያደርቀው ግን ቦይ ቀዶ፣ ውሃውን አፍስሶ እህል የሚዘራበት ሰው ነው። እኛ ከውሃው በላይ ነው የምናጭደው፣ ሥሩን አንነካም። ወፍ በሚፈለፍልበት ጊዜ አንገባም፣ የገባ ታንኳው ይፈታበታል። ይኼ የአባቶቻችን ሕግ ነው። እኛን ካስወጣችሁን ማን ቆሞ ይጠብቅላችኋል? እህቴ ልጆቿን ያሳደገችው በዚሁ ነው። የመረቅኩሽን አልመልስም፣ መንገድሽ ይቃና። ደንቡን ግን እኛን ለይታችሁ ጻፉልን።

አንጓች፦ ኧረ አንተ ሰውዬ።

እንዳላማው፦ ምነው? ተበላሸ?

አንጓች፦ አልተበላሸም። ይኸን ሁሉ በሆድህ ይዘህ ነው ኧረ ምንም ያልከው?

እንዳላማው፦ ወንበሯ ላይ ተቀምጬ ነዋ።

አንጓች፦ ልክ እንደዚሁ በላት። ሰላምታዋን ቀንሰህ።

እንዳላማው፦ ወደብ ድረስ ወርጄ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ? ትናንት መረቀ ዛሬ ሊሽር መጣ ይሉኛል። ዓይኔን በጨው ልታጠብ? እዚህ፣ ቤቴ መጥታ ቢሆን አንዲት ቃል አላስቀርም ነበር። አባቴ ይሙት።

አንጓች፦ ቤትህ ብትመጣ?

እንዳላማው፦ ብትመጣ።

አንጓች፦ እንግዲያው ኮፍያዋን ከሥርህ አውጣ።

እንዳላማው፦ ለምን?

አንጓች፦ ያቻትና፣ በአጥሩ በኩል እየመጣች ነው። ብቻዋን።

እንዳላማው፦ አትቀልጂብኝ።

አንጓች፦ ራስህ እይ። የመረቃትን ሽማግሌ ሳትሰናበት እንዴት ትሂድ? ወንበሯን የለቀቀችልህ ጨዋ አይደለች?

እንዳላማው፦ ውይ፣ ግቢው አልተጠረገም። ምን ላይ ትቀመጣለች? በርጩማውን አምጪልኝ።

አንጓች፦ በርጩማውን ተወው፣ ቃሉን ያዝ። «ትናንት ያልኩሽ ውሸቴን ነው።» ከዚያ ጀምር።

እንዳላማው፦ ይዤዋለሁ። ይዤዋለሁ። ግቢ ልጄ፣ ግቢ፣ ቤት ለእንግዳ። ምነው ተቸገርሽ እዚህ ድረስ? እንዴት አደርሽ? እናት አባትሽ ደኅና ናቸው? ቁጭ በይ፣ እዚህ ደንገሉ ላይ፣ ንጹሕ ነው። ይኼ? ታንኳዬ ናት። ላድሳት ብዬ ፈትቻት ነው።

አንጓች፦ አያ።

እንዳላማው፦ ምን አልሽኝ ልጄ? ትናንት ፊቴ ቅር ያለው ይመስል ነበር? ኧረ የለም የለም፣ ፊቴ እንዲሁ ነው፣ የእርጅና ነው። ያልተናገርኩት ነገር? እኔ? ኧረ ምንም። እንዲያውም ኮፍያዋ ልክክ ብላልኛለች፣ ይኸው።

አንጓች፦ አያ፣ በአባታችን ምለሃል።

እንዳላማው፦ እህቴ ናት፣ ስንጫወት ነው። በይ ጀልባዋ እንዳታመልጥሽ። እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ያሰብሽውን ሁሉ...

አንጓች፦ ምርቃቱ ይቆየን። ተቀመጪ ልጄ፣ ነጠላዬን ከአፌ ላንሣና በደንብ ስሚኝ። እሱ ቅር ያለው ነገር የለም፤ እኔ ግን አለኝ።