ጀርባቸውን ለፊልሙ የሰጡት እትዬ

እትዬ፣ ወደ ፊልም ማሠልጠኛችን ሊያስተምሩ መጀመሪያ የመጡ ቀን የት እንደመጡ አላወቁም ብለን ነበር። የሰፈሩ ወጣቶች የሠሩት ፊልም ሊታይ መብራት ሲጠፋ፣ ወንበርዎን ጎትተው፣ ጀርባዎን ለስክሪኑ ሰጥተው ቁጭ! ዘበኛችን በጆሮዬ፣ «የቀጠሯቸው ሰዎች መጀመሪያ መነጽር በገዙላቸው!» አለኝ። ይኸው፣ በር ላይ ቆሞ ይስቃል።

ጠጋ ብዬ «እትዬ፣ ፊልሙ እኮ በዚህ በኩል ነው» ብልዎ፣ ወደ ተመልካቹ ጠቁመው «የእኔ በዚያ በኩል ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ፊልም እንኳ በቅጡ አይተው አያውቁም። ግን ማን የት ላይ እንደሳቀ፣ የትኛው አባት ስልኩን መነካካት እንደጀመረ አንድ በአንድ ይነግሩናል። እኔ የፊልም አቀናባሪው ሳምንት ሙሉ የለፋሁበትን ቦታ «እዚህ ጋ ሰው አዛግቷል» ብለው አስቆርጠውኛል። «ማነው ያዛጋው?» ስልዎ፣ «አንተ ነሃ!»

የደረጃውን ፊልም ግን ማን ይረሳዋል? እናቷ በዊልቸር የምትሄድ ተማሪያችን የጤና ጣቢያውን ደረጃ ቀርጻ ልታሳይ ስትል፣ የጣቢያው ኃላፊ መጥተው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለ። «ይቅርብኝ። ነገ እናቴን አናክምም ቢሉስ?» አለች። እርስዎ አልተቆጡም፣ አልለመኑም። «እኔ ፊታቸውን አይልሻለሁ። ከከፋቸው አስቆመዋለሁ» አሏት።

አላስቆሙትም። መብራቱ ሲበራ፣ «እናትሽን ሁለት ሰው ተሸክሞ ሲያወጣት አንገታቸውን ደፉ። አፍረዋል እንጂ አልተቆጡም። ሳይነሱ ሂጂና ለዊልቸር የሚሆን መወጣጫ እንዲያሠሩ ጠይቂያቸው» አሏት። ሄዳ ጠየቀች። ዛሬ እናትየው ከደረጃው ጎን በተሠራው መወጣጫ ራሷን ገፍታ ትገባለች።

ካሜራ መያዝ ማንም ያስተምራል፣ እትዬ። ያሳየነው ነገር ሰው ልብ ውስጥ መግባቱን ማየት ያስተማሩን ግን እርስዎ ነዎት። ከልባችን እናመሰግናለን።

አንድ ነገር ግን እስከዛሬ ይከነክነኛል። የስክሪኑ ብርሃን የሁላችንን ፊት ሲያበራ፣ የእርስዎ ሁልጊዜ ጨለማ ውስጥ ነበር። እርስዎስ ያለቅሱ ነበር? ይስቁ ነበር? ማንም አላየም።

ስለዚህ ወጣቶቹ ስለ እርስዎ ፊልም ሠርተዋል። የምታሳየን ያቺው የደረጃው ፊልም ልጅ ናት። ወንበርዎን ወደ ስክሪኑ አዙረነዋል፤ በእናትዎ፣ አይመልሱት። ጀርባችንን ለስክሪኑ ሰጥተን የምንቀመጠው ዛሬ እኛ ነን።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሱ! ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ቤትዎን ጠያቂ አይጥፋው። ለእትዬ!

አሁን መብራቱን አጥፉልን።